ላምባችን ውኃ ከየት አገኘ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ ደብረ ማርቆስ፣ የዕቃ ቤት ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር)



ዛሬ ስለ ላምባ እንድንናገር የታዘዝነው እኛ የዕቃ ቤት ኮሚቴዎች ነን። «ስለ ላምባ ደግሞ ምን ንግግር አለው?» የምትል እንደማትጠፋ እናውቃለን። ግን ባለፈው ክረምት በዚህ ማኅበር ውስጥ በላምባ ምክንያት የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ እንግዶቻችንም በወሬ ከምትሰሙት ከእኛው አፍ ብትሰሙት ይሻላል ብለናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅበራችን ላምባ በበርሜል ገዝቶ ለአባላት በጀሪካን ማከፋፈል ከጀመረ ቆይቷል። መብራት ሲጠፋ፣ ከሰልም ሲወደድ፣ ሻይና ቁርስ የሚሸጡት፣ ለተማሪዎች ምግብ የሚያበስሉት እህቶቻችን የሚሠሩት በባለ ክር ምድጃ ነው። እንጀራው በእንጨት ወይም መብራት ሲመጣ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል፤ ሻዩ፣ ሽሮው፣ ወጡ ግን በላምባ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ባቄላው ቆላ ካለችው እህታችን ድስት ይልቅ በእኛ ድስት ይዘገያል፤ ምድጃውም ያንኑ ያህል ላምባ ይበላል። አንድ ሊትር ላምባ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም።

ሐምሌ ላይ ያከፋፈልነው ላምባ ሳምንት ሳይሞላው ስሞታ መጣበት። አንዷ «ምድጃዬ ጣ ጣ ይላል» አለች። ሌላዋ «እሳቱ ቢጫ ሆኖ ያጨሳል፤ ድስቴ ጥላሸት ብቻ ሆነ» አለች። ሦስተኛዋ ምድጃው ሙሉ እያለ ክሩ እንደሚጠፋባት ነገረችን። በመጨረሻ አንዲት እናት የደረሳትን ላምባ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድታ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ከታች ሁለት ጣት ያህል ሌላ ነገር ተቀምጧል፤ መሐሉ ላይ መስመሩ እንደ ክር ይታያል። ውኃ ነበር።

ውኃ ከተባለ የሚቀጥለው ጥያቄ «ማን ጨመረው?» ነው። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የምትይዘው አንዲት እናት ነበረች። ስሟን አንጠራም፤ ዛሬ እዚሁ ተቀምጣለች። ፊት ለፊት የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ የከፋውም እሱ ነው። ቡና ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ሹክ ሹክ ተባለ። «ላምባውን ሸጣ ውኃ ሞላችበት» ተባለ። እሷም ሰማች። አንድ ቀን ጠዋት ቁልፉን በመሐረብ ቋጥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ ሁለት ወር ገደማ ለዕቁብም ለስብሰባም አልመጣችም። እኛ አሁን ከፊታችሁ የቆምነው ሦስታችንም ከሚያሙት ውስጥ ነበርን።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አዲስ በርሜል መጣ። ቁልፉ አሁን በእኛ እጅ ነው፤ ሦስት ሆነን ካልሆነ አንከፍትም። ላምባው እንደመጣ በጠርሙስ ቀድተን ወደ ብርሃን አነሣነው፤ ኩልል ያለ ነበር። በርሜሉን እንደ ድሮው ከዕቃ ቤቱ ውጭ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ክዳኑን ወደ ላይ አድርገን አቆምነው። ቤት ውስጥ የማናስገባው እህሉ ላምባ ላምባ እንዳይሸት ነው። ጳጉሜን ስትገባ ከሥሩ በጎማ ብንቀዳ ውኃ! አሁንማ ማንን እንማ? ሦስታችን ተያየን።

ከእኛ የአንዷ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ትማራለች። ጠራናት። በርሜሉን ዞር ዞር ብላ አየችና አናቱን አሳየችን። የበርሜል አናት ዙሪያውን ጠርዝ አለው፤ ዝናብ ሲዘንብበት እንደ ትሪ ውኃ ይይዛል። ክዳኑም ያለው እዚያው ውኃ ውስጥ ነው። «ቀን ፀሐይ ሲመታው ላምባውም በላዩ ያለው አየርም ይሞቅና ይሰፋል፤ በክዳኑ ዙሪያ ይተነፍሳል። ማታ ሲበርድ ደግሞ ይሰበሰብና ወደ ውስጥ ይስባል። አየር ካገኘ አየር ይስባል፤ ውኃ ካገኘ ውኃ ይስባል» አለችን። አንድ ሊትር ላምባ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰፋል። የቀንና የሌሊቱ ልዩነት 10 ዲግሪ ቢሆን 200 ሊትሩ ሁለት ሊትር ያህል ያብጣል፣ ይሸማቀቃል ማለት ነው። የጎጃምን የክረምት ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

እውነቱን ለመናገር አላመንናትም። ልጅ ናት፤ እናቷም ከሦስታችን አንዷ ናት፤ ሰው ምን ይላል? ስለዚህ እንፈትነው አልን። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በርሜሉን ካሞቀው በኋላ አናቱ ላይ በተጠራቀመው ውኃ ውስጥ የብዕር ቀለም አንጠባጠብንበት። ይህ ቀለም ከውኃ ጋር እንጂ ከላምባ ጋር አይዋሐድም። ላዩን በቆርቆሮ ከድነን፣ ዕቃ ቤቱን ቆልፈን፣ ሦስታችንም ተፈራርመን ሄድን። ሲነጋ አናቱ ላይ የነበረው ውኃ ጎድሏል። ጎማውን እስከ ሥሩ ሰድደን ስንቀዳ መጀመሪያ የወጣው ሰማያዊ ውኃ ነበር። ሰዉ በሩፋኤል ዝናብ ሲጠመቅ የእኛም በርሜል ውኃውን እየጠጣ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ይዘን ቤቷ ሄድን። በር ላይ ብዙ አላስቆመችንም፤ ቡና አፈላች። ምድጃዋ ላይ የነበረው ያው እኛ ያደልነው ውኃ ያለበት ላምባ ነበርና ቡናው ሲፈላ ጣ ጣ ይል ነበር። እሷም «ስሙት፤ እኔስ የራሴን ላምባ ለምን አበላሸው ነበር?» አለች። ይህንን ጥያቄ ከሁላችን አንዳችን እንኳ ሐምሌ ላይ አላሰብነውም።

እንግዲህ ይህ የኛ ነውር ነው። አሁን ወደ ላምባው።

ላምባ ከውኃ ይቀልላል፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ሲመዝን አንድ ሊትር ላምባ 800 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ውኃው ምንጊዜም ወደ ሥር ይወርዳል። የምድጃችን ክር ጫፍ ደግሞ ያለው ሥሩ ላይ ነው። ክሩ ውኃ ከጠጣ ላምባው ወደ ላይ መውጣት ያቅተዋል፤ ጫፉ ደርቆ ይከስላል፣ እሳቱ ይቀላል፣ ያጨሳል። ብዙዎቻችን ይህን ስናይ ክሩን ከፍ እናደርጋለን፤ ጭሱን ያብሰዋል እንጂ መድኃኒት አይሆነውም። በአየር ግፊት የሚሠራው፣ ሽሽ የሚለው ፕሪሙስ ያላችሁ ደግሞ ችግራችሁ ሌላ ነው። የእሱ ቀዳዳ ከመርፌ ጫፍ የጠበበ ስለሆነ አንዲት የዝገት ቅንጣት ትደፍነዋለች። ይህ ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1892 በስዊድን ከተሠራ ጀምሮ ቀዳዳውን መጥረጊያ ቀጭን መርፌ ጓደኛው ናት። ድንኳን ተክለው ተራራ የሚያድሩ ሰዎችም ስለ ነዳጃቸው ጥራት ከእኛ ይልቅ የሚጨነቁት ለዚህ ነው፤ ብርድ ላይ ምድጃው እምቢ ቢል ጎረቤት ሄዶ እሳት መጫር የለማ!

ነገሩ የድሃ ምድጃ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። አውሮፕላን የሚበርበት ነዳጅ የላምባ የቅርብ ዘመድ ነው። ጥር 8 ቀን 2000 ዓ.ም. ከቤጂንግ ወደ ለንደን የበረረ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 777 ሊያርፍ ጥቂት ሲቀረው ሁለቱም ሞተሮቹ ጉልበት አጡ፤ ከማኮብኮቢያው በፊት ሣር ላይ ወደቀ። የሞተ ሰው አልነበረም። ሲመረመር ነዳጁ ውስጥ የነበረው ጥቂት ውኃ በከፍታው ብርድ በረዶ ሆኖ መተላለፊያውን ዘግቶት ነበር። በዚያ ነዳጅ ውስጥ ውኃ ሸጦ የጨመረ ማንም አልነበረም። ይህን ለራሳችን ደጋግመን ነግረነዋል።

ላምባ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ስንት እጅ እንደሚያልፍም አስቡ። አገራችን ነዳጅ የምታስገባው ተጣርቶ ያለቀለትን ነው። ከመርከብ ጂቡቲ ይወርዳል፤ በቦቴ ተጭኖ በረሃውን አቋርጦ ይመጣል። ወደ እኛ ሲመጣ ደግሞ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ በደጀን ይወጣል፤ ሙቀቱንም ብርዱንም በአንድ ቀን ያያል። ከዚያ የማደያው ጉድጓድ፣ ከዚያ በርሜል፣ ከዚያ ጀሪካን፣ ከዚያ ምድጃ። በተገለበጠ ቁጥር ጥቂት ዝገት፣ ጥቂት አቧራ፣ ጥቂት ላብ ይጨመርበታል። ላብ የምንለው፣ ጀሪካኑ ግማሽ ሆኖ ሲያድር በባዶው በኩል ግድግዳው ላይ የሚቋጥረውን ጤዛ ነው።

ታዲያ እንዴት ይጠለል? መልሱ ከእኛው ቤት ነበር። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ጋኑን ነቅንቃ አትቀዳም። ይቆማል፣ አተላው ይወርዳል፣ ከላይ በቀስታ ይቀዳል፣ ከዚያ ይጠለላል። ቅቤ ስናነጥርም ውኃው ከታች እንደሚቀር እናውቃለን። ላምባም እንዲሁ ነው፤ ከማጥለሉ በፊት ማስቀመጡ ይቀድማል። ጀሪካኑን ይዛችሁ ቤት ስትደርሱ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳትነቀንቁ አቁሙት። የሚቆምበት ቦታ ከፍ ያለ ይሁን፤ ስትቀዱ ተሸክማችሁ ካነሣችሁት የተኛው ሁሉ ይነሣልና። ከአንድ ጎኑ ሥር ትንሽ እንጨት አድርጋችሁ ዘንበል ብታደርጉት ውኃው ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባል፤ በተቃራኒው በኩል ትቀዳላችሁ። የመጨረሻዋን አንድ ብርጭቆ ያህል አትንኳት። በሌላ ጠርሙስ አጠራቅሟት፤ እንደገና ስትተኛ ከላይዋ ደግሞ ጥሩ ላምባ ይገኛል። የቀረውን ዝቃጭ ወንዝም ቦይም ውስጥ አትድፉት፤ ዕቃ ቤቱ ለዚህ አንድ ጀሪካን አዘጋጅቷል።

ጨርቁስ? ስለ ጨርቅ ሁላችንም ተሳስተን ነበር። ነጠላ አጥፈን ስናጠልል ውኃውም የሚቀር ይመስለን ነበር። ጥጥ ውኃ ይወዳል፤ እንዲያውም ያሳልፈዋል። ጨርቅ የሚያስቀረው ዝገት፣ ትንኝ፣ የፕላስቲክ ፍቅፋቂ ነው። የጋቢና የነጠላ ብናኝ ደግሞ ራሱ ቆሻሻ ሆኖ ይገባል፤ ፕሪሙስ ያላት አባላችን መርፌዋን ጥላ ስትደክም የከረመችው በገዛ ጋቢዋ ጭረት ነበር። የሚሻለው ቀጭን የናይለን ሻሽ ወይም አሮጌ ስቶኪንግ ሁለት ሦስት እጥፍ አድርጎ ማንቆርቆሪያው አፍ ላይ መወጠር ነው። ለላምባ የሆነው ለላምባ ብቻ ይሁን፤ ታጥቦ ወደ ራስ አይመለስ።

ከደጋፊዎቻችን አንዷ፣ ጮቄ ተራራ ላይ ድንኳን ተክላ ካደረች በኋላ ስትመለስ፣ ለራሷ ምድጃ የምትጠቀምበትን ትንሽ ማንቆርቆሪያ ትታልን ሄዳለች። መሐሉ ላይ የተለበደ ሱፍና ስስ የብረት ወንፊት አለው። ቅንጣቱን ፍጹም ያስቀራል። ውኃውንም ቀስ ብሎ ከተንቆረቆረ ከሥሩ እንደ ዶቃ ሰብስቦ ይይዘዋል፤ ቸኩለው ሲያፈስሱበት ግን ያልፈዋል። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ያልተኛ ላምባ ከተጨመረበትም ወዲያው ይደክማል። ሾፌሮች መስታወት የሚወለውሉበትን ስስ ቆዳ በነዳጅ አርሰው ሲያጠልሉ ያየች አባልም አለች። ቆዳው መጀመሪያ ነዳጅ ከጠጣ ውኃውን እምቢ ይላል። መጀመሪያ ውኃ ከነካው ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ስለዚህ በዝናብ ቀን አትሞክሩት።

«አሞሌ ብንጨምርበትስ? ጨው ውኃ ይስባል» ብላ የጠየቀች እናት ነበረች። ሳቅንባት፤ መሳቃችን ልክ አልነበረም። ነዳጅ ማጣሪያዎች ውስጥ ነዳጁን ለማድረቅ በጨው መሐል የሚያሳልፉበት አሠራር በእርግጥ አለ። ቤት ውስጥ ግን ጨው የቀመሰ ውኃ ጠብታው ወደ ምድጃው ቢያልፍ ቆርቆሮውን ይበላዋል። ምድጃ ከላምባ ይወደዳልና ይቅርብን።

እሳት እንዳትሞክሩበት እንጂ ላምባችሁን መፈተን ቀላል ነው። በንጹሕ ጠርሙስ ግማሽ ቅዱ፤ ክብ አዙራችሁ አቁሙትና ሥሩን በብርሃን እዩት። ጭጋግ ከመሰለ ውኃው ገና ተበትኖ ነው፤ ይተኛ። ከሥሩ ዶቃ ከታየ ውኃ ነው። ላምባና ውኃ በሚገናኙበት መሐል ላይ ዝልግልግ ያለ ጥቁር ነገር ካያችሁ ደግሞ ውኃው ብዙ ከርሞ ሻጋታ አብቅሏል ማለት ነው፤ ያን ጀሪካን ሙሉ በሙሉ ባዶ አድርጎ ማጠብና ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው እንጂ መጨመር የለም።

አሁን የምንናገረው ግን ከውኃ የከፋ ነው። ቤንዚን አይጠለልም። የቱም ሻሽ፣ የቱም ቆዳ፣ የቱም ማስቀመጥ ቤንዚንን ከላምባ አይለይም። ከአባሎቻችን አንዷ ሻይ ስትሸጥ እጇ የተቃጠለው ውኃ ባለበት ላምባ አልነበረም። ጎረቤት ያዋሳት ጀሪካን የባጃጅ ቤንዚን ተይዞበት ነበር፤ ጥቂት ሥሩ ላይ ቀርቷል። ላምባ በእኛ አየር ጠባይ ዝም ብሎ እሳት የሚይዝ እንፋሎት አያወጣም፤ ቢያንስ 38 ዲግሪ መሞቅ ይፈልጋል። ቤንዚን ግን በውርጭ እንኳ ይተንናል። ክብሪቱን ስትጭር እጇንና የቀሚሷን እጅጌ ያዛት፤ ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኛች። ጠባሳውን ዛሬ አትደብቀውም፤ እንዲያውም ለዚህ ንግግር አሳዩት ያለችን እሷ ናት።

ከጠረጠራችሁ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርጉ። ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ወረቀቱ ንጹሕ ይሆናል፤ ላምባ እንደ ዘይት ጠቃቁሮ ብዙ ይቆያል። ጥቂት ቤንዚን ብቻ የገባበት ላምባ ግን በዚህ አይታወቅምና ሽታው ከተለወጠ፣ ጀሪካኑም የማን እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ አትጠቀሙበት። መልሱት፤ ዕቃ ቤቱ ይቀበላል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቃችሁም የለም። ምድጃው እየነደደ አትሙሉበት። ጎማ በአፋችሁ አትሳቡ፤ የእጅ መሳቢያ አለ።

ሃይላንድ ጠርሙስ ለመፈተኛ ያልነው ለመፈተኛ ብቻ ነው። ተፈትኖ ወዲያው ይመለስ፤ መደርደሪያ ላይ አይደር። ሕፃን ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። ከጠጣ አታስመልሱት፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባል፤ ጉዳቱም እዚያ ነው። ተሸክሞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ብቻ ነው።

ወደ በርሜላችን እንመለስ። አሁን በርሜሉ አይቆምም። በሁለት ግንድ ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ ሁለቱ ክዳኖች ጎን ለጎን በአንድ መስመር፣ ከላምባው ሥር ሆነዋል። እንዲህ ሲሆን ክዳኑ ቢላላ ላምባ ጠብ ይላል እንጂ ውኃ አይገባም፤ የጠበበውንም እናየዋለን። ከተጋመሰ በኋላ ክዳኖቹ ከላምባው በላይ ስለሚሆኑ መልሰን እናቆመዋለን፤ ያኔም ከአንድ ጎኑ ጡብ አድርገን ዘንበል፣ ዝናቡ ከክዳኑ እንዲርቅ። ጣሪያ ግን እስካሁን የለውም። ለጊዜው የሸራ ቁራጭ ነው ያለበሰው። ደጋፊዎቻችን በዚህ ዓመት ምን እንርዳችሁ ላላችሁን መልሳችን ይህ ነው፦ ስምንት ቆርቆሮ፣ አራት ቋሚ፣ እና እንደዚያች ማንቆርቆሪያ ያሉ ሁለት ሌሎች። በባለፈው ሪፖርታችን «ላምባው ለአባላት ተከፋፍሏል» ብለን ጽፈን ነበር። አራት ሊትር ያህሉ ውኃ እንደነበር አልጻፍንም፤ አሁን ጽፈነዋል።

ቁልፉን ትመልስ እንደሆነ እናታችንን ጠይቀናታል። ሦስት ነገር ጠየቀችን። ላምባ ሲመጣ ሁለት ሰው ቆሞ በጠርሙስ እንዲያይና እንዲፈርም፤ ጎማው በርሜሉ ሥር ሳይደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው የሚያስቆመው ምልክት እንዲታሰርበት፤ ማንኛዋም አባል ጥርጣሬ ካላት ለእሷ ለራሷ፣ በዕለቱ፣ በአፏ እንድትነግራት። ሁለቱን ፈጽመናል። ሦስተኛውን እናንተ ናችሁ የምትመልሱት፤ ከዚህ ንግግር ቀጥሎ ለድምፅ ይቀርባል።

የሚቀጥለው የላምባ ማከፋፈያ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጀሪካናችሁን ከዋዜማው አጥባችሁ፣ አፉን ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ አድርቃችሁ ኑ። ዘይት ወይም ጠላ የነበረበት አይሁን። እርጥብ ጀሪካን ይዛ የመጣችውን ወረፋዋ ሳይነካ እስኪደርቅ እናስቆያታለን፤ ተቆጡን፣ ግን እናስቆያታለን።